የትኛው ናኖቲዩብ ለየትኛው ሥራ? ከካርቦን ውጪ ያሉትን ለሚያማርጡ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎችና ባለ ወርክሾፖች

ናኖቲዩብ ማለት ስፋቱ በናኖሜትር፣ ማለትም በሚሊሜትር ሚሊዮንኛ፣ የሚለካ ቀጭን ቱቦ ነው፤ ስሙ ሲነሳ ብዙ ሰው የሚያስበው ካርቦንን ነው። ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እ.ኤ.አ. በ1991 የካርቦን ናኖቲዩብን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ አይቶ ካሳወቀ ወዲህ ዝናውን ሁሉ ጠቅልሎ የወሰደው ካርቦኑ ነው። በዓመቱ፣ በ1992፣ በእስራኤል ቫይዝማን ኢንስቲትዩት ሬሸፍ ቴኔና ባልደረቦቹ ተንግስተን ዳይሰልፋይድም እንደዚያው ተጠቅልሎ ቱቦ እንደሚሆን አሳዩ። ከዚያ በኋላ ዝርዝሩ ረዘመ፤ ቦሮን ናይትራይድ፣ ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ፣ ቫናዲየም ኦክሳይድ ተከተሉ። አንዳንዱ ደግሞ ሰው ከመሥራቱ ከብዙ ሺህ ዘመን በፊት አፈር ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለመመረቂያ ሥራው ወይም ለወርክሾፑ ከእነዚህ አንዱን ሊመርጥ ለተነሳ ሰው ነው። ከሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው ጥያቄ አለ፤ በዚህ ሥራ ላይ ቱቦ መሆኑ ራሱ ምን ይሠራል? የምትፈልጉትን ጥቅም ተራው ዱቄት ከሰጣችሁ ለቅርጹ ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ። ብዙ የምርምር ሐሳብ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተማሪው ስለ ማዕድኑ ጠባይ አምስት ገጽ ይጽፋል፤ ስለ ቅርጹ ጥቅም ግን አንድ አንቀጽ እንኳ አይኖረውም።

ቱቦነት በሦስት መንገድ ሊጠቅም ይችላል። አንደኛ ውስጡ ባዶ ስለሆነ ነገር ይያዝበታል። ሁለተኛ፣ በሉህ በሉህ የተደራረበ ማዕድን ሲጠቀለል ጎንና ጎኑ ስለሚገጥም በጠርዙ ላይ ያሉት ያልጠገቡ (ማሰሪያቸው ያልተሟላ) አቶሞች ይቀንሳሉ፤ ስለዚህ ከብረትም ከኦክስጅንም ጋር ቶሎ አይጣላም። ሦስተኛ ርዝመቱ ነው፤ ሙጫና ፕላስቲክ ያጠነክራል፣ ለኤሌክትሮንም ቀጥ ያለ መንገድ ይሆናል። ጉዳያችሁ ከሦስቱ በአንዱም ውስጥ ካልገባ ወደ ዱቄት ተመለሱ።

ዕጩዎቹ

ሃሎይሳይት የተፈጥሮ ሸክላ ማዕድን ነው። ከካኦሊን ጋር በስሪቱ አንድ ሲሆን ልዩነቱ መጠቅለሉ ነው። የሲሊካው ንጣፍ ከአሉሚናው ንጣፍ በጥቂቱ ስለሚሰፋ ሁለቱ ተጣብቀው ሲቀመጡ ሉሁ እንደ ሰሌን ይጠቀለላል፤ ሲሊካው ውጪ፣ አሉሚናው ውስጥ ሆኖ ይቀራል። ሊነስ ፖሊንግ ሁለት ፊቱ እኩል ያልሆነ ሉህ ወደ አንድ ወገን መታጠፉ እንደማይቀር የጻፈው በ1930 ነበር። የውጪው ስፋት ከ40 እስከ 70 ናኖሜትር፣ የውስጡ ከ10 እስከ 20፣ ርዝመቱ ደግሞ ከግማሽ እስከ አንድ ተኩል ማይክሮሜትር ይደርሳል። ከኒውዚላንድ የሚወጣው ለጥሩ ሸክላ ዕቃ ሥራ ሲሸጥ ኖሯል፤ በአሜሪካ ዩታ ግዛትም ይቆፈራል። በኪሎ የሚሸጥ ስለሆነ ከሁሉም ርካሹ ነው።

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ያው ቀለም ቤት የምናውቀው ነጭ ማቅለሚያ ነው። በቱቦ መልክ የሚሠራው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ጃፓናዊው ካሱጋና ባልደረቦቹ በ1998 ያወጡት፣ ዱቄቱን በጠንካራ ኮስቲክ ሶዳ ውስጥ የማብሰል ዘዴ ነው፤ 10 ናኖሜትር አካባቢ የሆኑ ቀጫጭን ቱቦዎች ይሰጣል። ሌላው የታይታኒየም ቅጠልን በኤሌክትሪክ ኦክሳይድ ማድረግ ነው፤ በዚህ ጊዜ ቱቦዎቹ ብረቱ ላይ ቆመው፣ አፋቸው ወደ ላይ ተከፍቶ ይበቅላሉ።

ተንግስተን ዳይሰልፋይድና ወንድሙ ሞሊብዲነም ዳይሰልፋይድ ጥቁር ናቸው። ንጣፎቻቸው እርስ በርስ በቀላሉ ይንሸራተታሉ፤ ሞሊብዲነሙን ማንኛውም መካኒክ ከግሪስ ያውቀዋል። የተንግስተኑ ቱቦ ሲጎተት እስከ 16 ጊጋፓስካል (የጫና መለኪያ ነው) ድረስ ችሎ፣ ከርዝመቱም እስከ 14 በመቶ ተስቦ ነው የሚበጠሰው። ተራ የግንባታ ብረት የሚችለው ግማሽ ጊጋፓስካል አካባቢ ነው።

ቦሮን ናይትራይድ ከካርቦን ናኖቲዩብ ጋር በቅርጽ መንታ ነው፤ በጠባይ ግን ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል። ካርቦኑ ጥቁርና ኤሌክትሪክ አስተላላፊ ሲሆን እሱ ነጭና ከልካይ ነው። በ1994 በካሊፎርኒያ በርክሌይ በስሌት ተተነበየ፤ በ1995 እዚያው ተሠራ። ካርቦን ከ400 እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት አየር ላይ ሲቃጠል እሱ እስከ 900 አካባቢ ይቆያል።

ኢሞጎላይትን ለጉጉት ያህል ልጥቀሰው። በ1962 በጃፓን የእሳተ ገሞራ አመድ አፈር ውስጥ የተገኘ፣ የውጪ ስፋቱ 2 ናኖሜትር ብቻ የሆነ ቱቦ ነው። በተለመደው አሠራር የአሉሚኒየምና የሲሊካ ውህድ በጣም ቀጥኖ 95 ዲግሪ አካባቢ ለቀናት ይሞቃል። እዚህ ላይ የእኛ አገር ከፍታ ይገባበታል። 2,500 ሜትር ላይ ባለችው ደሴ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ሳይሞላ ነው፤ 1,850 ሜትር አካባቢ ባለችው ኮምቦልቻም 94 ላይ ነው። ክፍት ዕቃ ይዞ 95 ዲግሪን ማሳደድ ትርፉ ድካም ነው፤ ዕቃው ይዘጋ፣ ወይም ጊዜው ይረዝም።

ክሪሶታይል ደግሞ የማይመረጥ ነው። የተፈጥሮ ናኖቲዩብ መሆኑ እውነት ነው፤ የአስቤስቶስ ዋናው ዓይነት መሆኑም እውነት ነው። ካንሰር እንደሚያመጣ በማያጠራጥር ሁኔታ የተረጋገጠ ስለሆነ ከዝርዝሩ ወጥቷል።

ቀለም ያለበት ውኃ

ኮምቦልቻ ላይ ብዙ ተማሪ የሚመርጠው ርእስ ይህ ነው፤ ምክንያቱም ግልጽ ነው። ከተማዋ የጨርቃ ጨርቅና የቆዳ ከተማ ናት፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩም እ.ኤ.አ. በ2017 ተመርቋል፤ የቦርከና ወንዝም በአጠገቡ ይፈሳል። ስለዚህ በሃሎይሳይትና በታይታኒየም ቱቦ መካከል ያለው ምርጫ በደንብ መታየት አለበት።

ሃሎይሳይት ቀለም የሚይዘው በመሳብ ነው። የውጪ ፊቱ በተለመደው ውኃ ውስጥ አሉታዊ ቻርጅ አለው፤ የውስጡ አሉሚና አዎንታዊ ነው። ስለዚህ ሜቲሊን ብሉን የመሰለ አዎንታዊ ቀለም ሲሰጡት ላጥ አድርጎ ይወስደዋል። ሰማያዊው ውኃ ዓይን እያየ ይጠራል፤ ተማሪው ፎቶ ያነሳል፤ ሁሉም ደስ ይለዋል። ችግሩ ጥጥ የሚያቀልም ፋብሪካ በብዛት የሚጠቀመው ሪአክቲቭ የተባለውን ቀለም መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ የሰልፎኔት ጭፍሮች ስላሉት አሉታዊ ነው። አሉታዊን አሉታዊ ይገፋዋል። ውስጠኛው አዎንታዊ ግድግዳ ጥቂት ይይዝ ይሆናል፤ ነገር ግን ቦታው ጠባብ ነው። የውጪው ስፋት 50፣ የውስጡ 15 ናኖሜትር ቢሆን የባዶው ድርሻ 225 ለ2,500፣ ማለትም 9 በመቶ ነው።

ስለዚህ በሜቲሊን ብሉ ብቻ ተፈትኖ «ለጨርቃ ጨርቅ ፍሳሽ ይሆናል» ተብሎ የሚቀርብ ሥራ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው። ሪአክቲቭ ቀለም ለመያዝ ከፈለጋችሁ የሃሎይሳይቱን ፊት አስቀድማችሁ በአዎንታዊ ሰርፋክታንት (እንደ ሳሙና ባለ ኬሚካል) አልብሱት። ይህን ካደረጋችሁ በኋላ ግን የመጀመሪያው ጥያቄዬ ይመለሳል፤ ጠፍጣፋው ካኦሊንም እኮ በዚያው መንገድ ይለብሳል፣ ዋጋውም ያነሰ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ያልፈተነ ጥናት ቱቦው ጠቀመ ሊል አይችልም።

ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ በሌላ መንገድ ይሠራል። ብርሃን ሲያርፍበት የቀለሙን ሞለኪውል ይሰባብራል እንጂ አይዘውም። አናቴዝ የተባለው መልኩ 3.2 ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት ያስፈልገዋል። 1,240ን ለ3.2 ስታካፍሉ 388 ናኖሜትር ገደማ ይመጣል፤ ከዚያ የረዘመ ሞገድ ያለው ብርሃን ምንም አይሠራለትም። ወደ መሬት ከሚደርሰው የፀሐይ ጉልበት ውስጥ አልትራቫዮሌቱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። የእኛ ከፍታ ትንሽ ይክሰናል፤ በየ1,000 ሜትሩ የአልትራቫዮሌት ጨረር 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር ደሴ ከባሕር ጠረፍ ከተማ የተሻለ ትቀበላለች። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ግን ትርፉ ሁሉ ይመለሳል። የክረምት ውጤትንና የበጋ ውጤትን ቀላቅሎ በአንድ ሰንጠረዥ ማቅረብ አይገባም።

የፍሳሹ ጠባይም አለ። የሪአክቲቭ ቀለም መዘፍዘፊያ ጨውና ሶዳ አሽ የበዛበት፣ ፒኤቹ ከ10 በላይ የሆነ ውኃ ነው። የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ፊት አዎንታዊ የሚሆነው ፒኤች 6 አካባቢና ከዚያ በታች ስለሆነ አሉታዊውን ቀለም ወደ ራሱ እንዲስብ ውኃው በአሲድ መስተካከል አለበት። ካርቦኔቱና ክሎራይዱ ደግሞ ቀለሙን ሊሰብር የተፈጠረውን ሃይድሮክሲል ራዲካል ይሻሙበታል። በላዩ ላይ የጠቆረ ውኃ ብርሃኑን ራሱ ይጠጣዋል፤ ከላይ ካለው ስስ ንብርብር በታች ጨለማ ነው። ከዚህ ሁሉ የተነሳ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ፎቶካታሊስት፣ ማለትም እንዲህ በብርሃን የሚሠራ ቀለም ሰባሪ፣ ለመጀመሪያው ማጣሪያ አይሆንም። በሌላ መንገድ ከታከመ በኋላ ቀለሙ ለሳሳ ውኃ፣ በጥልቅ ገንዳ ሳይሆን በሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ ላይ በስሱ ሲፈስ ያምራል።

ታዲያ ቱቦ ወይስ ዱቄት? በገበያ ላይ ፒ25 የሚባል የታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ዱቄት አለ፤ አራት አምስተኛው አናቴዝ፣ የቀረው ሩታይል የተባለው ሌላው መልኩ ነው። ከ20 ናኖሜትር ብዙም የማይበልጡ ቅንጣቶች ስላሉት በአንድ ግራም 50 ካሬ ሜትር ያህል ፊት ይሰጣል። በካሱጋ ዘዴ የተሠራ ቱቦ ፒ25ን ብዙ ጊዜ አያሸንፍም፤ ለማሸነፉም ማስረጃው በእናንተ ላይ ነው። ዱቄቱ ያለበት ችግር ግን አንድና ትልቅ ነው፤ ውኃው ውስጥ ወተት ይሆንና ለማጣራት መከራ ያሳያል። ብረት ላይ የበቀለው ቱቦ ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ነው። ሥራው ሲያበቃ ቅጠሉን አውጥቶ ማጠብ ብቻ ነው፤ የሚጣራ ነገር የለም። እኔ ለዚህ ሥራ አንዱን ምረጥ ብባል የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቴም ፍጥነቱ ሳይሆን ከውኃው በቀላሉ መለየቱ ነው።

አንድ የላቦራቶሪ ወጥመድ አለ። ከኮስቲክ ሶዳው የወጣው ቱቦ በእውነቱ ታይታኔት ነው፤ ሜቲሊን ብሉን በጨለማ ውስጥ እንኳ በኃይል ይስባል። መብራት አብርታችሁ በብርሃን መለኪያው በ664 ናኖሜትር ላይ የቀለሙ ንባብ ሲወርድ ስታዩ «ተሰባበረ» ለማለት አትቸኩሉ። በመጀመሪያ ለግማሽ ሰዓት ያህል በጨለማ አማስሉት፤ ንባቡ መውረድ ሲያቆም መብራቱን አብሩ፤ መቁጠር የምትጀምሩት ከዚያ ነው። ሜቲሊን ብሉ ራሱ ብርሃን ስለሚቀበል ቱቦ የሌለበት ብልቃጥም መብራቱ ሥር ይቀመጥ። ዱቄቱን አውጥታችሁ ስታዩት አሁንም ሰማያዊ ከሆነ ቀለሙ አልተሰበረም፤ ቦታ ብቻ ቀይሯል።

የሐረጎ መኪኖችና ጥቁሩ ቱቦ

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት የሚወርድ ከባድ መኪና ማርሹን አሳንሶ ሲያጓራ የሰማ ሰው ስለ ማለስለሻ ማሰቡ አይቀርም። ተንግስተን ዳይሰልፋይድ በዘይት ውስጥ ሰበቃንና መፋቅን እንደሚቀንስ ጥርጥር የለውም። ተራው ዱቄት ጠፍጣፋ ቅጠል ስለሆነ ጠርዙ ብረት ላይ ይጣበቃል፣ ከኦክስጅን ጋርም ይዋሃዳል፤ የተዘጋው ቅርጽ ግን ጠርዝ ስለሌለው በጫና ውስጥ ንጣፍ በንጣፍ እየተላጠ ብረቱን ይቀባል። ይሁንና ለዘይት ገበያ የወጣው በዋነኛነት ቱቦው ሳይሆን ክብ የሆነው፣ እንደ ሽንኩርት ተደራርቦ የተዘጋው ቅንጣት ነው። ለሰበቃ ከሆነ ቱቦ ፍለጋ አትድከሙ።

ሌላም ችግር አለ። የተንግስተን ዳይሰልፋይድ እፍጋት በሴንቲሜትር ኩብ 7.5 ግራም አካባቢ ነው፤ ዘይት ከ0.9 አይበልጥም። ቅንጣቱን በዘይቱ ውስጥ በትኖ የሚያቆይ ኬሚካል በትክክል ካልተጨመረበት መኪናው ጥቂት ቀን ሲቆም ጥቁሩ ሁሉ ከታች ይተኛል። «ናኖ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ጠርሙስ ይዞ ለሚመጣ ነጋዴ የምትጠይቁት ጥያቄ ይኸው ነው፤ ጠርሙሱን ለሳምንት አቁማችሁ ታችኛውን ክፍል በባትሪ እዩት። ለመገጣጠሚያ የተለመደው የሞሊብዲነም ግሪስ ይበቃል። ማርሽ ሳጥን ውስጥ ደግሞ አምራቹ ያላዘዘውን ነገር አለመጨመር ይሻላል። ፍሬን አጠገብ ምንም ዓይነት ማለስለሻ እንዳይደርስ፤ ይህን ለሹፌር መንገር ባያስፈልግም ለተማሪ ግን መንገር ያስፈልጋል።

የተንግስተኑ ቱቦ በእውነት የሚፈለገው ኢፖክሲ ውስጥ ነው። ከክብደቱ ግማሽ በመቶ እስከ አንድ በመቶ ቢገባ ስንጥቅ እንዳይሮጥ ይይዛል። እንደ ካርቦኑ ተጠላልፎ ስለማይቋጠር በሙጫው ውስጥ ማሰራጨቱም ይቀላል። የፕላስቲክ ማርሽ፣ ቡሽንግ ወይም የፋይበርግላስ ጥገና ለሚሠራ ሰው መሞከር ያለበት ይህ ነው። ከ400 ዲግሪ በላይ አየር ላይ እንደሚበላሽ ግን አይዘንጋ።

ዝገት፣ ቀለም፣ ቀስ ብሎ መልቀቅ

ሃሎይሳይት ያለ ተፎካካሪ የሚነግሠው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶው ሆዱ ሥራ ስለሚያገኝ። ዝገት ከልካይ ኬሚካል፣ ለምሳሌ ለመዳብና ለነሐስ የተመሰከረለት ቤንዞትራያዞል፣ ቱቦው ውስጥ ይሞላና ከቀለም ጋር ይቀባል። ቀለሙ ሲጫር እርጥበት ይገባል፤ ከልካዩም ከቱቦው አፍ እየተንጠባጠበ ወደ ተጫረው ቦታ ይሄዳል። ኬሚካሉ በቀጥታ ቀለም ውስጥ ቢጨመር ኖሮ ገና ሳይጫር ታጥቦ ባለቀ ነበር።

አሞላሉ የሚያስደስት ሥራ ነው። ኬሚካሉን በአልኮል ወይም በአሴቶን አሟሙታችሁ እስኪጠግብ ድረስ አወፍሩት፤ ደረቁን ሃሎይሳይት ጨምሩበት፤ ብልቃጡን ከቫኩም ፓምፕ ጋር አገናኙት። ፓምፑ ሲነሳ ከታች የተኛው ነጭ ጭቃ ደቃቅ አረፋ ማውጣት ይጀምራል፤ ያ ከቱቦዎቹ ሆድ የሚወጣው አየር ነው። አረፋው ሲበርድ ቫኩሙን ቀስ ብላችሁ ስትለቁ ፈሳሹ ገብቶ ቦታውን ይይዛል። ሁለት ሦስት ጊዜ ይደገማል፤ ከዚያ በሴንትሪፉጅ ተለይቶ ይታጠባል፣ ይደርቃል። ከክብደቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ ከያዘ ጥሩ ሞልቷል። 30 በመቶ አገኘሁ የሚል ሰው ከላይ የሠራነውን የ9 በመቶ ስሌት ያስታውስ፤ ትርፉ በውጪ ፊት ላይ የተጋገረ ነው። አፉን ለመድፈን የመዳብ ጨው ያለበት ውኃ ማሳለፍ ይቻላል፤ ከቤንዞትራያዞሉ ጋር ተዋህዶ ክዳን ይሆናል።

በዚህ ሥራ ለቆርቆሮ ጣሪያ አትልፉ። ቆርቆሮው የተነከረበት ዚንክ ሥራውን በርካሽ ይሠራል። የሚያዋጣው ለመዳብ ገመድ ማያያዣ፣ ለነሐስ ቫልቭ፣ ለማሽን ውስጣዊ ክፍል ነው። መድኃኒት ለማዘግየትም ቱቦው ያው ነው፤ ለቁስል መሸፈኛ ጥሩ የምርምር ርእስ ይወጣዋል። ሰውነት ውስጥ ስለማይሟሟ ግን በመርፌ የሚሰጥ ነገር ላይ አይታሰብ። አጥንት ውስጥ ለሚገባ ታይታኒየም ከሆነ የቆመው የታይታኒየም ኦክሳይድ ቱቦ ይሻላል፤ የአጥንት ሴል በደንብ ይይዘዋል፣ ፀረ ተሕዋስያንም ይሞላበታል።

ሙቀትና ኤሌክትሪክ

እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ሙቀትን እያሳለፈ ኤሌክትሪክን የሚከለክል ነገር ከፈለጋችሁ መልሱ ቦሮን ናይትራይድ ነው፤ ነገር ግን ተራው ጠፍጣፋ ዱቄቱ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ቱቦው በግራም የሚሸጥ ውድ ዕቃ ነው። ጥንካሬም፣ ሙቀት መቻልም፣ ከልካይነትም በአንድ ላይ ካልተፈለጉ አይገዛም። የናሳ ሰዎች የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ከተፈጥሮ ቦሮን አንድ አምስተኛ የሚሆነው ቦሮን 10 ኒውትሮንን ስለሚውጥ በጠፈር መንኮራኩር ላይ ጨረር መከላከያም ይሆንላቸዋል። ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ፕላስቲክ ወይም የባትሪ ተጨማሪ ለሚፈልግ ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ካርቦኑ ይሻላል፤ ከካርቦን ውጪ ያሉትን ስለምወድ ብዬ አልዋሽም።

መሥራት ወይስ መግዛት

ሰልፋይዱንና ቦሮን ናይትራይዱን ግዙ። የመጀመሪያው በሃይድሮጅንና በሃይድሮጅን ሰልፋይድ ጋዝ ከ800 ዲግሪ በላይ ይሠራል፤ ጋዙ በጥቂቱ የሚገድል ነው። ሁለተኛው ከ1,000 ዲግሪ በላይ እቶን ይፈልጋል።

የታይታኒየሙን መሥራት ይቻላል። ለካሱጋ ዘዴ በሊትር 400 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ያለበት ውኃ፣ የቴፍሎን ሽፋን ያለው የብረት አውቶክላቭ (ጫና የሚችል የታሸገ ዕቃ) እና ከ110 እስከ 150 ዲግሪ የሚሞቅ ምድጃ ለአንድ ቀን ያህል ይበቃል። በብርጭቆ ዕቃ አትሞክሩት፤ ትኩስ ኮስቲክ ሶዳ ብርጭቆን ይበላል፣ ሲሊካውም ወደ ናሙናችሁ ይገባል። ከዚያ በሳሳ ሃይድሮክሎሪክ አሲድና በውኃ ይታጠባል። ከ500 ዲግሪ በላይ ካሞቃችሁት ቱቦው ይፈርሳል። ለኤሌክትሪኩ ዘዴ ደግሞ ኤቲሊን ግላይኮል፣ ጥቂት አሞኒየም ፍሎራይድ፣ ሁለት በመቶ ያህል ውኃና እስከ 60 ቮልት የሚሰጥ ፓወር ሰፕላይ ያስፈልጋል፤ ቱቦዎቹ ከበቀሉ በኋላ 450 ዲግሪ ላይ ካልተጋገሩ አናቴዝ አይሆኑም፣ በፀሐይም አይሠሩም። ፍሎራይድ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ይሆናል፤ ቆዳ ላይ ሲፈስ መጀመሪያ ላያም ይችላል፣ ጉዳቱ ግን እስከ አጥንት ይደርሳል። የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት ጠረጴዛው ላይ ከሌለ ሥራው አይጀመር።

ሃሎይሳይት ስትገዙ ካኦሊን እንዳይሸጥላችሁ ተጠንቀቁ። የአገራችን ካኦሊን፣ የቦምቦዋው ጭምር፣ ለሸክላና ለወረቀት መልካም ነው፤ ቱቦ መሆኑ ግን ሳይታይ አይታመንም። የንጣፎችን ርቀት በኤክስሬይ የሚለካው ዲፍራክሽን ብቻውን አይለያቸውም፤ የደረቀ ሃሎይሳይትም ካኦሊናይትም 0.7 ናኖሜትር ላይ ጫፍ ያሳያሉ። መለያው ፎርማማይድ የተባለው ፈሳሽ ኬሚካል ነው። ናሙናው ላይ ጠብ አድርጋችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ደግማችሁ ስትለኩ የሃሎይሳይቱ ጫፍ ወደ 1.0 ናኖሜትር ይሸሻል፤ የካኦሊናይቱ ካለበት አይነቃነቅም። ፎርማማይድ ለፅንስ መርዝ ስለሆነ ነፍሰ ጡር ሴት አትንካው፤ ሌላውም በጓንትና በጭስ መሳቢያ ሥር ይሥራ።

አቧራው ለሁሉም ያው ነው። ሳንባን የሚጎዳው ረጅም፣ ቀጭንና የማይሟሟ ጭረት ነው፤ ከ5 ማይክሮሜትር የረዘመው በተለይ ያሰጋል። አንድ ዓይነት ረጅምና ጠንካራ የካርቦን ናኖቲዩብ እ.ኤ.አ. በ2014 በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት «ካንሰር ሊያመጣ ይችላል» ከሚባሉት ተመድቧል። ሃሎይሳይት አጭር ስለሆነ የተሻለ ነው፤ ረጅም የተንግስተንና የቦሮን ቱቦዎች ግን እንደ ካርቦኑ በጥንቃቄ ይያዙ። ዱቄቱን እርጥብ አድርጋችሁ መዝኑ፣ ልክ የሆነ ጭንብል አድርጉ፣ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ እንጂ በመጥረጊያ አትጥረጉ። የታጠበበትን ውኃ ሁሉ በጀሪካን አጠራቅማችሁ አስተኙት፤ ዝቃጩን ለይታችሁ ያዙ እንጂ ወደ ቦይ አትድፉ።

በመጨረሻም ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ያላየው ነገር ቱቦ አይባልም። በአካባቢው ካልተገኘ ናሙናው ወደ አዲስ አበባ ወይም ወደ ውጪ ይላካል። ስትልኩ ሁለት ብልቃጥ ላኩ፤ አንዱ ከሥራው በፊት ያለው፣ ሌላው ውኃው ወይም ምድጃው ውስጥ ከዋለ በኋላ ያለው። እያንዳንዱ በኤታኖል በጣም የቀጠነ፣ በአልትራሳውንድ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ የተበተነ ይሁን፤ ብዙ ከተንቀጠቀጠ ቱቦው ይሰበራል። ምስሉ ሲመጣም ከአንድ ሁለት ያማሩ ቱቦዎች ይልቅ ሰፊውን እይታ ጠይቁ፤ ከመቶው ስንቱ ቱቦ፣ ስንቱ ያልተጠቀለለ ቅጠል እንደሆነ የሚታየው እዚያ ላይ ነው።